እዚህ ትእዛዝ አይሠራም፣ ስንቅ ግን ይሠራል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «19 ዓመት በሠራዊት ውስጥ አገልግያለሁ። የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት በስንቅና ትጥቅ ክፍል ሠርቼ በሻምበልነት ተሰናበትኩ። ከዚያ በሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ያዝኩ። አሁን በመንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም ውስጥ በአስተዳደር መሥራት እፈልጋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ከውትድርና ያመጣሁት ነገር እዚያ ይጠቅመኛል ወይስ ሸክም ይሆንብኛል? ደግሞ እኔም ራሴ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ 2 ዓመት ሕክምና ስከታተል ነበር፣ አሁንም አልጨረስኩም። ይህን ልደብቀው?»

ወንድሜ ሻምበል፣ ፈቃድህ ከሆነ አንተ ልበልህ። በማዕረግ ከሄድን እኔ አስር አለቃ ሆኜ ነው የወጣሁት፣ ቆሜ ሰላምታ መስጠት ነበረብኝ። በዚህኛው ሙያ ግን ቀድሜህ ገብቻለሁ። ሠራዊቱ ውስጥ የሕክምና ቡድን አባል ነበርኩ፣ ቁስል ማሰር ነበር ሥራዬ። ከወጣሁ በኋላ የአእምሮ ጤና ነርስነት ተማርኩ፣ ከዚያ ሳላስበው አስተዳደር ውስጥ ገባሁ፣ ይኸው እስካሁን እዚያው ነኝ።

አጭሩ መልስ፦ ይጠቅምሃል። ሐኪም አለመሆንህም እንቅፋት አይደለም። ግን ከሠራዊት የወጣ ሰው ሲቪል ቢሮ ሲገባ የሚተማመንበት ነገር ሌላ ነው፣ የሚጠቅመው ነገር ሌላ። የሚተማመነው በአዛዥነቱ ነው። የሚጠቅመው ግን ያ አንተ ምናልባት የማትኮራበት፣ የከረጢትና የካርቶን፣ የመኪናና የነዳጅ ሥራህ ነው።

የራሴን ጉድ ልንገርህ። ኃላፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ወር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁሉንም ሠራተኛ ሰበሰብኩ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ የምክክር ሰዓት ከ50 ደቂቃ ወደ 30 ደቂቃ ይውረድ አልኩ። ሁሉም «እሺ» አለ። ማስታወሻ የያዘም ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳየው አንድም ነገር አልተለወጠም። ምክክሩ 50 ደቂቃ ነው፣ ወረፋውም እዚያው ነው፣ ሠራተኛው ግን ሲያየኝ ፈገግ ይላል። አንዲት አንጋፋ ሲስተር ቢሮዬ ገብተው በሩን ዘጉና «ልጄ፣ እሺ የሚሉህ እንድትሄድላቸው ነው» አሉኝ። ከዚያ ሳቁብኝ። ልክ ነበሩ።

ነገሩ ንቀት አይደለም። ሳይካትሪስቱም (የአእምሮ ሐኪሙ)፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውም፣ ነርሷም ለሚሠሩት ሥራ በየራሳቸው የሙያ ፈቃድ ተጠያቂ ናቸው። ታካሚው ላይ ጉዳት ቢደርስ «አለቃዬ 30 ደቂቃ ብሎኝ ነው» የሚል ማስተባበያ የለም። ስለዚህ ማን ምን መድኃኒት ይውሰድ፣ ለስንት ደቂቃ ይታይ፣ መቼ ይውጣ የሚለው ያንተ ጉዳይ አይደለም። ያንተ ጉዳይ ባለሙያው ያንን ውሳኔ ሲወስን ክፍሉ፣ መድኃኒቱ፣ ካርዱና ታካሚው በቦታቸው መገኘታቸው ነው።

ይህ የገባው አንድ ጄኔራል ልጥቀስልህ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ኦማር ብራድሌይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወታደር ያዘዘ ሰው ነው። በ1945 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሚሊዮኖች ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው፣ ሆስፒታሎቹ ግን የሐኪም ችግር አለባቸው። እዚህ ላይ ጄኔራሉ ሐኪሞችን አሰልፎ ማዘዝ አይችልም ነበር። ያደረገው ሌላ ነው። ከ1946 መጀመሪያ አንስቶ ሆስፒታሎቹ ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር እንዲተሳሰሩ አደረገ። ጥሩ ሐኪም ማስተማርና መመራመር ከሚችልበት ቦታ መሥራት ይፈልጋል። ቦታው ከተመቸው ሳይታዘዝ ይመጣል። ያ ትስስር ዛሬም አለ።

አሁን ወደ ስንቅ እንምጣ፣ ምክንያቱም አንተን የምፈልግህ እዚህ ጋ ነው።

ግንባር ላይ ቀለብ ከተቋረጠ ማታውኑ ትሰማለህ። ሻለቃ አዛዡ በሬዲዮ ይጮኽብሃል። የአእምሮ ሕክምና ላይ ግን ጩኸቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ፍሉፌናዚን ዴካኖት የሚባል መርፌ አለ፣ ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ላለባቸው ሰዎች በየሁለት፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይሰጣል። ሰውየው በቀጠሮው መጣ እንበል። መርፌው የለም። «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» ተባለ። በሚቀጥለው ቀን ደህና ነው። በሳምንቱም ደህና ነው፣ መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። ስለዚህ ማንም አይደነግጥም፣ እሱም «ያለ መርፌም እኮ ደህና ነኝ» ይላል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሌሊት ላይ ቤተሰቡ አስሮት፣ ወይ ፖሊስ ይዞት ይመጣል። ያኔ ካርዱ ላይ «ሕመሙ አገረሸ» ተብሎ ይጻፋል። «መርፌ አልቆ ነበር» ብሎ የሚጽፍ የለም። የሁለቱ ነገሮች ርቀት ወራት ስለሆነ ግንኙነታቸውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ሐኪሙ አይደለም፣ አንተ ነህ።

በአንድ የሠራሁበት ቦታ የመድኃኒት ግምጃ ቤት ገብቼ ስቶክ ካርዱን፣ የመድኃኒቱን ገቢና ወጪ መመዝገቢያ፣ አነሳሁ። 40 ይላል። መደርደሪያው ላይ የቆጠርኩት 6 ነው። ሌብነት መስሎኝ ደሜ ፈላ። ለካ ሌብነት አልነበረም። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ወጪውን በሳምንት አንዴ አርብ አርብ ነው የሚመዘግበው፣ ሁለት አርብ ደግሞ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄዷል። ስብሰባውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ዓይነቱን ነገር አንተ በሁለተኛው ቀን ታየዋለህ፣ ዓይንህ ለምዶታል። በዲግሪ ብቻ የመጣ ሰው ስድስት ወር ይፈጅበታል።

ሊቲየምም እንደዚሁ ነው። ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚያደርገው ለባይፖላር ሕመም የሚሰጥ ግሩም መድኃኒት ነው፣ ግን በሚያድነው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ደም እየተለካ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ፋርማሲው ሊቲየም ሞልቶት ላቦራቶሪው የመለኪያ ኬሚካል ከጨረሰ፣ በተግባር ሊቲየም የለህም ማለት ነው። ሌላ መድኃኒት ላልረዳው ስኪዞፍሬኒያ የሚሰጠው ክሎዛፒንም የነጭ ደም ሕዋስ ክትትል ይፈልጋል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ጥይት ኖሮ ጠመንጃው ከሌለ ምን ታደርገዋለህ? ግዢ ስታቅድ መድኃኒቱን ብቻውን አታቅድ፣ ምርመራውንም አብረህ ያዝ።

ስለ ሰው ኃይል ደግሞ አንድ ስሌት ላሳይህ፣ ስብሰባ ላይ ትጠቀምበታለህ። ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጉዳት፣ ከሚታከምባቸው የታወቁ የንግግር ሕክምናዎች አንዱ አብዛኛውን ጊዜ 12 ክፍለ ጊዜ አለው። አንድ ባለሙያ በቀን 5 ሰው፣ በሳምንት 25 ሰው ያያል እንበል። ሁሉም በሳምንት አንዴ ከመጡ ያ ባለሙያ በ12 ሳምንት 25 ሰው ብቻ ነው የሚጨርሰው። አሁን ከአምስት ቀጠሮ አንዱ ይቀራል በል። በ12 ሳምንት 60 ባዶ ሰዓት ነው። ለ5 ሰው ሙሉ ሕክምና ይሆን ነበር። ወረፋው ላይ ያለው ሰው «ባለሙያ የለም» ይባላል፣ ባለሙያዋ ግን ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ነው። አለቆች ይህን ሲያዩ የመጀመሪያ ሐሳባቸው አዲስ ሰው መቅጠር ነው። ቅጥሩም ያስፈልጋል፣ አልክድም፣ ዓለም ላይ መንግሥታት በአማካይ ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚያወጡት 2 በመቶ ገደማ ነው። ግን ከቅጥሩ በፊት ሰዉ ለምን ይቀራል ብለህ ጠይቅ። በዋዜማው አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ነገ 4 ሰዓት ላይ እንጠብቅሃለን» ማለቱ ብቻ ብዙ ይለውጣል። ቀጠሮው ከሥራ ፈረቃው ጋር ተጋጭቶ እንደሆነ፣ ወይ በሩ ላይ ያለው ትልቅ ጽሑፍ ጎረቤት እንዳያየው አስፈርቶት እንደሆነም ታገኛለህ።

መጠበቂያ ክፍሉን ደግሞ ራስህ ሄደህ ተቀመጥበት። ቀልድ አይደለም፣ አንድ ሙሉ ጠዋት ተቀመጥ። እኔ ጋ አንድ የቀድሞ ወታደር ነበር፣ በመጣ ቁጥር አይቀመጥም። ግድግዳ ተደግፎ ሁለት ሰዓት ይቆማል። የካርድ ክፍል ልጆች «እምቢተኛው» ነበር የሚሉት። ጥበቃው ሁለት ጊዜ «ተቀመጥ» ብሎ ተጣልቶታል። አንድ ቀን እኔ ሄጄ እሱ የሚቆምበት ጥግ ላይ ቆምኩ። ወዲያው ገባኝ። አግዳሚ ወንበሮቹ እንደ ትምህርት ክፍል በረድፍ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተዋል። እሱ ካለበት ጥግ ግን በሩም፣ መስኮቱም፣ ደረጃውም ይታያል። ዘብ ላይ ነው ያለው ሰውዬው! በማግስቱ ወንበሮቹን ግድግዳ ዳር አስደረግኳቸው፣ የሚቀመጥ ሁሉ ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ በር። የብረት በሩ ሲዘጋ እንደ ተኩስ ይጮህ ስለነበር ጠርዙ ላይ የጎማ ቁራጭ አስለጠፍን። በሚቀጥለው ቀጠሮው መጣና አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየ። ተቀመጠ። ምንም አላለም፣ እኔም ምንም አላልኩትም። ይህን ያየሁት ነርስ ስለነበርኩ አይደለም፣ ወታደር ስለነበርኩ ነው።

አሁን ሸክም ወደሚሆንብህ ነገር ልምጣ። ሁለት አለ፣ ሁለቱም ከባድ ናቸው።

አንደኛው መረጃ ነው። በውትድርና መረጃ ወደ ላይ ይፈስሳል። ያየኸውን ለበላይህ ታሳውቃለህ፣ መደበቅ ያስቀጣል። እዚህ ግን የታካሚው መረጃ ከሚያክመው ሰው እጅ ወደ ላይ አይፈስስም። የቀድሞ አዛዡ፣ ምናልባትም የምታውቀው፣ አብሮህ የበላ፣ የጠጣ ሰው ይደውልልሃል። «ያ ልጅ እናንተ ጋ ይመላለሳል አሉ፣ እንዴት ሆነ?» ይልሃል። በክፋት አይደለም፣ ከልቡ አስቦለት ነው። መልስህ «የሚመጣ የማይመጣውን ሰው መናገር አልችልም» ነው። ታካሚያችን ነው ብለህ ማረጋገጥ ራሱ መረጃ መስጠት ነው። ቅር ይለዋል፣ ይቅር ይበለው። የሕይወት አደጋ ሲኖር ሕጉ የሚፈቅደው በር አለ፣ እሱንም የሚከፍተው በሕጉ መሠረት የሚያክመው ባለሙያ ነው እንጂ አንተ በስልክ አይደለህም። አንተም ብትሆን ኃላፊ ስለሆንክ ብቻ ካርድ አውጥተህ የማንበብ መብት የለህም። ለሪፖርትህ የሚያስፈልግህ ቁጥር ነው፣ ስም አይደለም።

ስለ ቁጥር ካነሳን የማልረሳውን ስህተቴን ልንገርህ። ለድባቴ መለኪያ የሚሆን፣ ፒኤችኪው 9 የሚባል መጠይቅ አለ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፣ ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል። ዘጠነኛው ጥያቄ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብሞት ይሻለኝ ነበር ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ምን ያህል መጥቶብሃል የሚል ነው። እኔ መጠይቁን እንደ ሪፖርት ግብዓት ነበር ያየሁት። ታካሚው እየጠበቀ ይሞላል፣ ሣጥን ውስጥ ይከታል፣ የመረጃ ሠራተኛው አርብ ሰብስቦ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል። አማካዩ ከወር ወር ሲወርድ በግራፍ አሳያለሁ፣ አለቆቼም ያጨበጭባሉ። አንድ አርብ የመረጃ ሠራተኛው አንድ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ሰኞ የተሞላ ነው። ዘጠነኛው ላይ 3 ተከብቧል፣ «በየቀኑ ለማለት ይቻላል» ማለት ነው። አራት ቀን ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። በዚያ ሰኞ ሰውየው ባለሙያ ሳያይ ነበር የሄደው፣ ወረፋው ረዝሞበት። ደወልን፣ ተገኘ፣ በሕይወት አለ። እግሬ ግን ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኑ ተነሳ። ወረቀቱን ታካሚው በእጁ ለነርስ ይሰጣል፣ ነርሷ ከሁሉ በፊት የምታየው ዘጠነኛውን ነው፣ ከ0 ሌላ ከሆነ ሳይታይ አይወጣም። ቅጽ ስታስሞላ ማን፣ መቼ ያነበዋል ብለህ ሳትወስን አታስሞላ።

ሁለተኛው ሸክም ይከብድሃል፣ ግን ልበለው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የቀድሞ ወታደሮች አይደሉም። ባሏ የሚደበድባት አለች፣ ፈተና ያስጨነቀው ተማሪ አለ፣ ልጅ የሞተባቸው እናት አሉ። ከእነሱም መካከል የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው የጎዳቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግጭት በነበረባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩት ከ5 ሰው 1 ሰው የሆነ ዓይነት የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይገምታል። አብዛኞቹ ጠመንጃ ይዘው አያውቁም። እኔ የመጀመሪያው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ በወታደር ልብስ የተነሳሁትን ፎቶ ሰቅዬ ነበር፣ ኮራ ብዬ። አንዲት ሴት ለቅሬታ ገብታ፣ ፎቶውን አይታ፣ ምንም ሳትናገር ወጣች። አውርጄ ቤት ወሰድኩት። አገልግሎትህ አያሳፍርም፣ በጭራሽ፣ ግን ያ ክፍል ያንተ ታሪክ የሚነገርበት ቦታ አይደለም። አነጋገርህንም ቀስ አድርገው። የኛ ሰው ድምፁ ሲወፍር አይታወቀውም።

ሐኪም ሳይሆን ይህን መስክ የለወጠ የቀድሞ ወታደር አለ ወይ ካልከኝ ከማክስ ክሌላንድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የአሜሪካ ጦር ሻምበል ነበር፣ እንዳንተው። በ1968 ቬትናም ውስጥ ኬ ሳን አጠገብ በእጅ ቦምብ ሁለት እግሩንና ቀኝ እጁን አጣ። 25 ዓመቱ ነበር። ከሆስፒታል ወጥቶ ፖለቲካ ገባ፣ በጆርጂያ ግዛት ሴኔት አገለገለ፣ በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር ኃላፊ አደረጉት። ገና 34 ዓመቱ ነው። በ1979 በሱ ጊዜ ቬት ሴንተር የሚባሉት ትንንሽ የምክክር ማዕከላት ተጀመሩ። ከሆስፒታል ግቢ ውጭ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ተራ ሱቅ በሚመስል ቤት፣ ከአማካሪዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ጦርነት ያዩ። ከቬትናም የተመለሰ ልጅ መንግሥትንም ሆስፒታልንም አያምንም ነበር። ስለዚህ ግቢው እሱ እስኪመጣ ከሚጠብቅ አገልግሎቱ ወደሱ ሄደ። ልብ በል፣ ፒቲኤስዲ በአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር የሕመሞች መዝገብ ላይ በስሙ የገባው በ1980 ነው። ቤቶቹ የሕመሙ ስም ከመጽደቁ አንድ ዓመት ቀድመው ተፈቀዱ ማለት ነው። አስተዳደር አንዳንዴ ሳይንሱ ስም እስኪያወጣ ሳይጠብቅ በር መክፈት ይችላል። ዛሬ ወደ 300 የሚጠጉ ቬት ሴንተሮች አሉ።

ሌላው ካናዳዊው ስቴፋን ግሬኒየር ነው፣ ሩዋንዳ ዘምቶ ተጎድቶ የተመለሰ መኮንን፣ እሱም ሐኪም አይደለም። በ2001 የቀድሞና በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮች እርስ በርስ የሚደጋገፉበትን ፕሮግራም ጀመረ። ሌላም ትንሽ የሚመስል ነገር አደረገ፣ ስም ቀየረ። «ሕመም» ከማለት ይልቅ በግዳጅ ላይ የደረሰ የጭንቀት «ጉዳት» የሚል አጠራር አመጣ። ወታደር ታመምኩ ማለት ሞት ይሆንበታል፣ ተጎዳሁ ማለት ግን አይከብደውም። ጉዳትማ እግርም ላይ ይደርሳል።

እንግዲህ ስለ ሥራ ፍለጋው። ዳይሬክተርነት ቢሰጡህም ከዚያ አትጀምር። የግዢና አቅርቦት፣ የታካሚ ፍሰት ወይም የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊነት ፈልግ። ስድስት ወር ካርድ ክፍልና ፋርማሲ ደጅ ከዋልክ ተቋሙን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ሲቪህ ላይ የጦር ክፍልና የዘመቻ ስም አትደርድር፣ ቀጣሪው አይገባውም፣ ወይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይገባዋል። በሰው ቋንቋ ጻፈው። «የሻለቃ ስንቅ ኃላፊ» የሚለውን ትተህ ለስንት ሰው፣ በስንት መኪና፣ በስንት ቀን ልዩነት፣ ስንት ዓይነት እቃ ታደርስ እንደነበር፣ ጉድለት ሲገኝ ምን ታደርግ እንደነበር ጻፍ። ከትምህርት ከጨመርክ የሕብረተሰብ ጤና ይጠቅምሃል፣ ሥራ አመራሩን ይዘኸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳይካትሪስት ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች ያዘጋጀውን መመሪያ አንብበው፣ ለማከም ሳይሆን ባለሙያዎቹ ሲያወሩ እንዲገባህ። የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ካገኘህ ውሰድ፣ አጭር ነው። ከዚያ አልፈህ አማካሪ ልሁን አትበል። አንድ የቀድሞ ወታደር ቢሮህ ገብቶ ማልቀስ ቢጀምር ውኃ ስጠው፣ አብረኸው ቁጭ በል፣ ከዚያ ወደ ባለሙያዋ አብረኸው ሂድ። በቃ።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ ልደብቀው ወይ ያልከው። ክሌላንድን ላንሳልህ እንደገና። ያ ሁሉ ሥልጣን አልፎ፣ በ2002 ምርጫ የአሜሪካ ሴኔት ወንበሩን ሲያጣ ከባድ ድባቴ ውስጥ ገባ። ከጉዳቱ 30 ከምናምን ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንደገና ሕክምና ፈለገ፣ ይህንንም ራሱ በአደባባይ ተናገረ። የመሠረተውን ነገር ያየ ሰው «ይሄማ ድኖ ጨርሷል» ይለው ነበር። (በነገራችን ላይ ያ ቦምብ የራሱ መስሎት ሲጸጸት ኖሮ፣ የሌላ ወታደር እንደነበር ያወቀው በ1999 ነው። 31 ዓመት!)

ስለዚህ ለቀጣሪ የመናገር ግዴታ የለብህም፣ ያንተ ካርድም እንደማንም ሰው ካርድ ነው። ቅጽ ላይ በቀጥታ ከተጠየቅክ ግን አትዋሽ፣ በኋላ የሚጎዳህ ሕክምናው አይሆንም፣ ውሸቱ ነው። ኢንተርቪው ላይ «ለምን ይህን መስክ መረጥክ?» ሲሉህ መናገር ከፈለግክ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «እኔም የዚህ አገልግሎት ተጠቃሚ ነበርኩ፣ ወረፋው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።» ዝርዝር ውስጥ አትግባ። ሠራተኞችህ ፊት ግን ከገባህ በኋላ በጊዜው ብትናገረው ጥሩ ነው እላለሁ። እኔ በአንድ ስብሰባ ላይ «ማክሰኞ ከሰዓት አልገኝም፣ የራሴ ቀጠሮ አለኝ» አልኩ፣ ምን ቀጠሮ እንደሆነም ነገርኳቸው። በዚያው ወር ሁለት ነርሶች መጥተው እነሱም እንቅልፍ እንዳጡ ነገሩኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰቆቃ የሚሰማ ሠራተኛ ማን ይሰማዋል?

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። አልጨረስኩም ብለሃል፣ ስለዚህ ክትትልህን አሁን ሥራ አገኘሁ ብለህ እንዳታቋርጥ። አዲሱ ሥራ ሌሊት ላይ ስልክ አለው፣ የተረሱ ነገሮችንም ይቀሰቅሳል። የምትታከምበት ቦታ ከምትሠራበት ቦታ የተለየ ይሁን፣ ካርድህ አንተ በምታስተዳድረው ካርድ ክፍል ውስጥ አይገኝ። ቀጠሮህን የሥራ ሰዓት ላይ አድርገው፣ ከሥራ በኋላ የተባለ ቀጠሮ ሁሌ ይበላል። እስክትላመዱ ድረስ አጀንዳህ ላይ «ስብሰባ» ብለህ ጻፈው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስብሰባ የሄደን ሰው የት ነበርክ የሚለው የለም።